ስለ መኪና መስተዋት ማጠቢያ ውሃ፤ ቀለሙ ሳይሆን ዲግሪው ይሸጥ

በንግድ ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ብዙ አሳብ ይታሰብበታል፤ ጥቂት ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ግን ማንም ልብ ሳይለው ከመደርደሪያ ወደ ደንበኛ እጅ ያልፋል። የሞተር፣ የጎማና የባትሪ ነገር ሲነሣ አስመጪው ከአምራቹ ጋር ደጋግሞ ይጻጻፋል፤ ባለሱቁ ዋስትናውን ይጠይቃል፤ ገዢውም ዋጋውን በሦስት ሱቅ አስተያይቶ ነው የሚገዛው። በዚያው መደርደሪያ ጥግ የተደረደረው የመስተዋት ማጠቢያ ፈሳሽ ግን ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ የለም። ሰማያዊ ከሆነ ይበቃል። ይሁን እንጂ ይህ ርካሽ ዕቃ ሥራውን ባቆመበት ጧት ሞተሩም፣ ጭነቱም፣ ከሁሉ በላይ የሆነው የሰው ሕይወትም በእርሱ ምክንያት ከአደጋ ላይ ይወድቃል።

ነገሩ በምሳሌ ቢገለጽ ይሻላል። አንድ የካዛንቺስ ነጋዴ በታኅሣሥ ወር ኮምቦልቻ ላለው ደንበኛው ሸቀጥ አስጭኖአል እንበል። ሾፌሩ በዋዜማው ምሽት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሰማያዊው ከውርጭ ያድናል?» ሲል ይጠይቃል። ባለሱቁም፣ «ሰማያዊ አይደለም እንዴ! ያድናል እንጂ» ይለዋል። ሾፌሩ አምኖ ይገዛል፤ ቤቱ ሲደርስ ግን እንዲበረክትለት ብሎ ሁለት እጅ የቧንቧ ውሃ ይጨምርበታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ሰንዳፋንና ሸኖን አልፎ ከደብረ ብርሃን ሲደርስ ይነጋል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጣርማ በር ሲያቀና ፀሐይ ከፊቱ በስተቀኝ ዝቅ ብላ ትወጣለች። ከፊቱ የሚሄደው ከባድ መኪና ከመንገዱ ዳር ያስነሣው አቧራና የሚተፋው ቅባት ያለው ጭስ በመስተዋቱ ላይ ተጋግሮ የፀሐዩን ብርሃን ሲቀበል፣ መንገዱ በወርቅ መጋረጃ እንደ ተሸፈነ ይጠፋበታል። ሾፌሩ የውሃ መርጫውን ይጫናል፤ ውሃው አይወጣም። ዝናብ መጥረጊያው ግን ደረቁን አቧራ ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ቀርቶ የነበረውን ጥቂት እይታ ጨርሶ ያጠፋዋል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል ባለበት መንገድ ላይ ይህ የሚሆነው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው።

ሾፌሩ ዕድለኛ ከሆነ ዳር ይዞ ይቆማል። ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ሲጠብቅ ይቆይና በረዶው ሲሟሟ ይነሣል፤ የኮምቦልቻውም ደንበኛ ሸቀጡን ዘግይቶ ይቀበላል። ዕድለኛ ካልሆነ ግን የሚከተለውን መናገር አያስፈልግም። ነጋዴው ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ጭነቱ ክብደት ጠይቆ ነበር፤ ስለ ውሃው ግን አልጠየቀም። ባለሱቁ ደግሞ ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ዲግሪው አልመለሰም። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ የመስተዋት ማጠቢያ ፈሳሽ መሸጥ ያለበት በስንት ዲግሪ በረዶ እንደሚሆን ተለክቶና ተጽፎበት፣ ገዢው የሚሄድበትም መንገድ ተጠይቆ ነው። ቀለም ከውርጭ አያድንም፤ ውሃን ሰማያዊ ማድረግ ለማንም የማይቸግር ነገር ነውና።

«አገራችን የፀሐይ አገር ናት፤ ይህ የአውሮፓና የሩሲያ ጭንቀት ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው። ሸቀጡን በአዳማና በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚልክ ላኪ የውርጭ ፈሳሽ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ አወጣ። ነገር ግን አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ደብረ ብርሃን በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ አመዳይ ሣሩን ነጭ አድርጎ ማደሩ ለአገሬው ሰው ዜና አይደለም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ በሰነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በዚያም አምባ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ መውረዱ ተመዝግቦአል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ የሚነሣ አንድ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ሐሩር ይወርዳል፤ ከቆላውም ተመልሶ ወደ ውርጭ ይወጣል። የአውሮፓ ነጋዴ የሚሸጠው እንደ ወራቱ ነው፤ የእኛ ነጋዴ ግን እንደ ወራቱም እንደ መንገዱም መሸጥ አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሾፌር ይህን ስለማያውቅ ይሳሳታል። የአየሩ ሙቀት መለኪያ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲያሳይ ውሃ በረዶ ሊሆን አይችልም ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ደመና በሌለበት ሌሊት ደጅ ያደረ መኪና መስተዋቱና ቆርቆሮው ሙቀታቸውን ወደ ጠራው ሰማይ እየለቀቁ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛሉ። አየሩ ከዜሮ በላይ ሳለ በመስተዋቱ ላይ አመዳይ የሚታየው ስለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ መስተዋት ላይ ንጹሕ ውሃ ሲረጭ፣ የነፋሱም ኀይል ሲጨመርበት፣ ውሃው ወዲያው በረዶ ይሆንና መስተዋቱን ያጨልመዋል። ስለዚህ መርጫው እምቢ ማለቱ ብቻ ሳይሆን፣ ንጹሕ ውሃ ይዞ መሥራቱም አንዳንድ ጊዜ አደገኛ ነው።

መሣሪያው ራሱ ቀላል ነው። ከኮፈኑ ሥር ወይም ከፊት መከላከያው ኋላ የተቀመጠ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ፣ ከግርጌው የተሰካ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ በመጨረሻም ውሃውን የሚረጩ ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው። ውሃ በረዶ ሲሆን ይዞት ከነበረው ቦታ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ከተሞላ ሊሰነጠቅ፣ ፓምፑም ሊፈነዳ ይችላል። በመጀመሪያ የሚዘጋው ግን ጥቂት ጠብታ የያዘው የቱቦው ጫፍና የመርጫው ቀዳዳ ነው። ብዙ ሾፌር ማጠራቀሚያውን ከፍቶ ውሃው ሲንቀሳቀስ ያይና ፓምፑ ተቃጥሎአል ብሎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሮጣል። ከካዛንቺስ እስከ ላንቻና ጎተራ ያለ ባለሱቅም ያልተበላሸ ፓምፕ አስለውጦ መሸጥን እንደ ትርፍ የቆጠረው እንደ ሆነ፣ ደንበኛው በሚቀጥለው ውርጭ ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል፤ አለዚያም አይመለስም።

ስለዚህ ባለሱቁ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት የሚከተለውን ምክር ሊሰጥ ይገባዋል። መርጫው በውርጭ ጧት እምቢ ሲል ቁልፉን ደጋግሞ መጫን አይገባም፤ ፓምፑ በበረዶ ታንቆ ሳለ ቢጨቀጨቅ ፊውዙ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ፓምፑ ራሱ ይቃጠላል። ይልቁንም አንድ ጊዜ ተጭኖ ማዳመጥ ነው። የፓምፑ ድምፅ እየተሰማ ውሃ ካልወጣ ጥፋቱ በቱቦው ወይም በቀዳዳው ነው፤ ድምፁ ጨርሶ ካልተሰማ ፊውዙ፣ ሽቦው ወይም በበረዶ የተያዘው ፓምፕ መመርመር አለበት። መኪናው ፀሐይ ወዳለበት ወይም ወደ ተዘጋ ጋራዥ ይወሰድ፤ ቀዳዳው በእጅ ሙቀት ወይም ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይያዝ። የፈላ ውሃ በመስተዋት ላይ ማፍሰስ ግን ክልክል ነው፤ ቀዝቃዛ መስተዋት ድንገተኛ ሙቀት ሲያገኘው ይሰነጠቃልና፤ የፊት መስተዋት ዋጋ ደግሞ ከብዙ ጀሪካን ፈሳሽ ይበልጣል።

በረዶው ከሟሟ በኋላ የቀረው ውሃ ሁሉ ይደፋና ትክክለኛው ፈሳሽ ይሞላል። ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ማጠራቀሚያው በአዲስ ፈሳሽ ቢሞላም በቱቦው ውስጥ የቀረው የድሮው ውሃ ነው፤ በሚቀጥለው ሌሊት ያ ውሃ በረዶ ሆኖ ደጁን ይዘጋል፤ ገዢውም «የሸጥክልኝ ፈሳሽ የውሸት ነው» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ አዲሱ ፈሳሽ በመርጫው ቀዳዳ በኩል እስኪወጣና ሽታው እስኪታወቅ ድረስ ማስረጨት ያስፈልጋል። ይህ አንድ ቃል ለደንበኛው ቢነገር ብዙ ክርክርን ያስቀራል።

አገር በቀል መድኀኒትም አልጠፋም፤ ነገር ግን ሁሉም መልካም አይደለም። ጨው የሚጨምር አለ፤ ጨው የውሃውን የበረዶ ዲግሪ ዝቅ ማድረጉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሲደርቅ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ብረቱንም ያዝጋል። የልብስ ሳሙና ዱቄት የሚጨምር አለ፤ ሳሙናው ከውርጭ አያድንም፣ ያልሟሟው ዱቄት ግን መርጫውን ይዘጋል። የራዲያተር አንቲፍሪዝ የሚጨምርም አለ፤ ይህ ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ መስተዋቱን በቅባት ይለብጠዋል፤ በፀሐይ ጊዜ ያለው እይታም ይብሳል፤ ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ነው። አረቄ የሚጨምር ሾፌርም አለ ይባላል። አረቄው በውስጡ አልኮል ስላለው ሥራውን መሥራቱ አይካድም፤ ነገር ግን ዋጋው ይበዛል፤ ከመኪናው የሚወጣው ሽታም ሾፌሩን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ረጅም ጭውውት ውስጥ ያስገባዋል።

አረቄው ያስተማረን ግን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ከውርጭ የሚያድነው አልኮሉ እንጂ ሌላው እንዳልሆነ ነው። ውሃ 10 በመቶ ኢታኖል ሲጨመርበት በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች በ4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 20 በመቶ ሲጨመር በ9 ገደማ፣ 30 በመቶ ሲጨመር በ15 ገደማ፣ 40 በመቶ ሲጨመር ደግሞ በ23 ገደማ ይሆናል። መኪናው ሲሮጥ አልኮሉ ከመስተዋቱ ላይ ቀድሞ ስለሚተንንና ውሃው ስለሚቀር፣ ከሚጠበቀው ቅዝቃዜ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ያለውን መምረጥ ይገባል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችለው ፈሳሽ ለአዲስ አበባና ለደብረ ብርሃን መንገድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ወደ ሰነቴ አምባ በሌሊት የሚወጣ ሰው ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚችለውን ይያዝ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የተጻፈበትን የሚፈልግ መንገድ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ገዢው ያንን ሲገዛ የሚከፍለው ለሳይቤሪያ ብርድ ነው። ሾፌሩ የገዛውን ፈሳሽ በሁለት እጅ ውሃ ሲያበዛው ደግሞ ዲግሪውን ወደ ዜሮ አካባቢ እየመለሰው መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ከዚህ ቀጥሎ ሊባል የሚገባው ከዋጋና ከዲግሪ ይበልጣል። በዓለም ገበያ ርካሽ የሆነው የማጠቢያ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከኢታኖል ሳይሆን ከሜታኖል፣ ማለት የእንጨት አልኮል ከሚባለው ነው። ሜታኖል ከውርጭ በሚገባ ያድናል፤ ወደ ሰው ሆድ የገባ እንደ ሆነ ግን በጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ በዛ ሲልም ይገድላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለሕዝብ በሚሸጥ የመስተዋት ማጠቢያ ውስጥ ሜታኖል 0.6 በመቶ እንዳይደርስ የከለከለው ይህን አይቶ ነው። አንድ ገበያ የዘጋው ዕቃ ሌላ ገበያ መፈለጉ የንግድ ልማድ ስለ ሆነ፣ አስመጪው ርካሽ ዋጋ ሲቀርብለት ለምን ርካሽ እንደ ሆነ ይጠይቅ።

በእኛ አገር ደግሞ አደጋውን የሚያብሰው አንድ ክፉ ልማድ አለ። ይህ ፈሳሽ ከትልቁ ጀሪካን እየተቀዳ በባዶ የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ይቸረቸራል። ጠርሙሱ የመጠጥ ነው፤ ቀለሙ የሚያምር ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። የተጠማ ረዳት ወይም በቤት ያለ ሕፃን አንሥቶ ቢጠጣው ሻጩ ምን ሊል ነው? ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጎአል። ነገር ግን አዋጁ ባይኖርም፣ መርዝን በመጠጥ ዕቃ መሸጥ የነጋዴን ስም የሚያጠፋ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። የነጋዴ ሀብቱ ስሙ ነው፤ ስሙ ከጠፋ መጋዘኑ ሙሉ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል?

«እንግዲያውስ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሞላ» የሚልም ይኖራል። ንጹሕ ውሃ በውርጭ ቦታ የማያዋጣ መሆኑ ከላይ ታይቶአል። በሞቃት ቦታም ቢሆን በማጠራቀሚያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ውሃ ተሐዋስያንን ያራባል። የእንግሊዝ የጤና ተመራማሪዎች በ2002 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳይቀላቅሉ ባዶ ውሃ የሚጠቀሙ ነጂዎች ሌጂዮኔር ለተባለው የሳንባ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ማግኘታቸውን ገልጸዋል። ስለዚህ ለቆላውም ቢሆን ተገቢው ፈሳሽ በመጠኑ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አስመጪው ሒሳብ እንመለስ። ከዜሮ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪ የሚችለው ፈሳሽ ከአምስቱ እጅ አራቱ ውሃ ነው። አንድ አስመጪ 20 ሺህ ሊትር የተዘጋጀ ፈሳሽ ከባሕር ማዶ ቢያስመጣ፣ 16 ሺህ ሊትር ያህሉ ውሃ ነው። ይህ ውሃ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ይሻገራል፣ በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፣ በከባድ መኪና ወይም በባቡር ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ለዚህም የሚከፈለው ቢያንስ በከፊል በውጭ ምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ምን ያህል እንደ ከበደ የማያውቅ አስመጪ የለም። ውሃ ባለባት አገር ውሃ በዶላር ማስመጣት እንግዲህ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የተዘጋጀውን ፈሳሽ ትቶ የተጠናከረውን ፍሬ ነገር ብቻ አስመጥቶ፣ በዚህ አገር በተጣራ ውሃ እየቀየጡ መሸጥ ነው። ሁለተኛውና የተሻለው አልኮሉንም ከአገር ውስጥ ማግኘት ነው። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ኢታኖል መቀየጥ ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ እንደ ነበረ ይታወሳል። ለመኪና ነዳጅ ሊቀየጥ የቻለ የአገር አልኮል ለመኪና መስተዋት የማይቀየጥበት ምክንያት አይታይም። ለዚህ የሚያስፈልገው የአልኮል መጠን ከነዳጁ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንደኛው አልኮሉ ለመጠጥ ይውላል የሚል ነው፤ ለዚህም በብዙ አገር እንደሚደረገው ሊጠጣ እንዳይቻል እጅግ መራራ ቅመም ከመነሻው ይጨመርበታል፤ ለመጠጥ ከሚውለው አልኮልም በግብር ረገድ የሚለይበት መንገድ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል። ሁለተኛው የእሳት አደጋ ነው፤ ንጹሕ አልኮል በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ፣ ከብየዳ ሥራና ከምድጃ በራቀ፣ ፈቃድ ባለው ቦታ እንጂ በማንም ጓዳ ይቀየጥ ማለት አይደለም። ሦስተኛው ገዢው የውጭ አገር ጽሑፍ ያለበትን ያምናል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን እምነት ያመጣው የጽሑፉ ቋንቋ ሳይሆን ጽሑፉ እውነት ሆኖ መገኘቱ ነበር። የአገር ውስጡ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎበት በእርግጥ 10 ዲግሪ ከቻለ፣ በሁለት ክረምት ሳይሆን በሁለት ታኅሣሥ ውስጥ ገዢውን ያገኛል።

እውነት መሆኑን ለማወቅም ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባለሱቁ ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ ሳይሞላ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ምግብ በሌለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድር። የቤት በረዶ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ከዜሮ በታች 30 ወይም 40 ዲግሪ ይችላል ተብሎ የተጻፈበት ፈሳሽ ሲነጋ ድንጋይ ሆኖ ከተገኘ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ዕቃው ለላከው ይመለስ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የተባለው ግን በዚያ ቅዝቃዜ በረዶ ቢሠራ ጥፋት የለበትም፤ ሲሟሟ የመጨረሻው በረዶ ሊያልቅ ሲል ሙቀት መለኪያ ቢገባበት በረዶ የሚሆንበትን ዲግሪ በግምት ያሳያል። ይህ ፈተና የሚፈጀው አንድ ሌሊት ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ዓመት ደንበኛን ነው።

ጉዳዩ ወደ ፊት እየቀነሰ የሚሄድ የሚመስለው ካለ ተሳስቶአል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዳችን ላይ በዝተዋል። በነዳጅ መኪና የሞተሩ ሙቀት ከኮፈኑ ሥር ያለውን ማጠራቀሚያ ጥቂት ቆይቶ ያሞቀው ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ይህን ያህል ሙቀት አያወጣም፤ ስለዚህ የረጋው በረዶ ለብዙ ጊዜ ሳይሟሟ ይቆያል። በእንዲህ ያለው መኪና ኮፈን ሥር ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ ማሟሟትም ከከፍተኛ ኀይል ሽቦዎች የተነሣ አይመከርም። እንግዲህ አዲሱ መኪና የቀድሞውን ችግር አላስቀረም፤ እንዲያውም ትክክለኛውን ፈሳሽ አስቀድሞ መሙላትን የበለጠ ግዴታ አደረገው።

በጠቅላላው ከእያንዳንዱ ወገን የሚፈለገው ብዙ አይደለም። አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ ፈሳሹ ከምን አልኮል እንደ ተሠራና በስንት ዲግሪ በረዶ እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሜታኖል ካለበት አይቀበል። ባለሱቁ በአማርኛ ሦስት መስመር ይለጥፍ፤ የመጀመሪያው ዲግሪው፣ ሁለተኛው «ውሃ አይጨመርበት»፣ ሦስተኛው «መርዝ ነው፤ አይጠጣም» የሚል ይሁን፤ በመጠጥ ጠርሙስም ጨርሶ አይቅዳ። ላኪውና ባለመኪናው ሾፌሩን ሲያሰማሩ ስለ ጎማው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ወደ ደጋ በሚሄደው መኪና ምን እንደ ተሞላበት ይጠይቁ። የንግድ ማኅበረሰቡም በምክር ቤቱ በኩል የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርንና የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትን አነጋግሮ ለዚህ ዕቃ ግልጽ የጽሑፍ ደንብ እንዲኖረው ቢያሳስብ፣ ትክክለኛውን የሚሸጠው ነጋዴ ሰማያዊ ውሃ ከሚሸጠው ጋር በዋጋ ከመሻማት ይድናል።

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች ነው፤ ስሙ የሌላ፣ ኑሮውና ንግዱ ግን የአገሬው ሆኖ ቆየ። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የአሮጌው ሰፈር ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው፣ ብዙ ባለሱቅ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሮአል። ሱቁ ሲፈርስ ከነጋዴው ጋር የሚሄደው ደንበኛው በእርሱ ላይ ያለው እምነት ብቻ ነው። በታኅሣሥ ጧት ከጣርማ በር ላይ መርጫውን ሲጫን ንጹሕ መስተዋት ያገኘ ሾፌር፣ ያንን ፈሳሽ የሸጠለትን ሰው ሱቁ የትም ቢሄድ ፈልጎ ያገኘዋል።